ሐዋ የምትስቅበት ደሴት

ከዛንዚባር ከተመለስኩ ወዲህ አሶሳ ገበያ ያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «ሰይዶ፣ እዚያ ኑሮ እንዴት ነው? ውድ ነው አሉ» ይለኛል። ብዙዎቹ ልጃቸው ወይም ወንድማቸው ወደ ባሕር ማዶ ሊሄድ ያሰበባቸው ናቸው። እኔም ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ሽንኩርቱ እነግራቸዋለሁ። ሰምተው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። ዋናውን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሰው እየተጋፋ፣ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ የሚነገር አይደለም። አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

የዕድሜ ልክ ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነበር። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ሲመጡ እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ለመሬቱ ሲል ቶሎ ለመደ። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ሙቀቱን እንደ ክፉ ጎረቤት ትሰድበው ነበር። «ይኸው መጣ ደግሞ፣ አያፍር!» ትላለች ረፋዱ ላይ፣ ነጠላዋን እያራገበች። ሥራ መፈለግ ስጀምር የፍሪጅ ጠጋኝ ረዳት ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ የሮጥኩት ምናልባት ለእሷ ብዬ ነው። ሙቀትን የሚያሸንፍ ሙያ መሰለኝ።

ጠጋኙ ዓሚ ዑስማን ይባላሉ። ዓሚ ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ አሶሳ ውስጥ ትልቁም ትንሹም እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። የበርታ ሰው ናቸው። ሙያውን የተማሩት በወጣትነታቸው ደማዚን፣ ሱዳን ውስጥ ነው። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ አፍ ነበር የሚያናግሩት። መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሰላምታ ሳበዛ፣ አንድ እጃቸውን ፍሪጅ ላይ እንዳሳረፉ፣ «ዝም በይ» አሉኝ። «ሞተር እያወራች ነው።»

እውነትም ያዳምጡ ነበር። መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት መዳፋቸውን ሞተሩ ጀርባ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቤት ውስጥ የሚያወራ ሰው ካለ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ እንጂ አይቆጡም። ባለቤቱን የሚጠይቁት ደግሞ ምን እንደተበላሸ አይደለም። «መች ጀመረ? ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ምን ነበረ?» ነው የሚሉት። ሰው ይገረማል። ግን ወይ ሠርግ ነበረ፣ ፍሪጁ ተጎትቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ወይ ሕፃን ተወልዷል፣ በሩ በየደቂቃው ይከፈታል። ጥገናው ካለቀ በኋላም አይሄዱም። ከባለቤቱ ጋር ከርከዴ እየጠጡ፣ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ሲጠፋና በራሱ ጊዜ ሲነሳ በጆሯቸው ካልሰሙ ከወንበራቸው አይነሱም።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነው። «ሰይድ፣ እኛ ብርድ አንሠራም» አሉኝ አንድ ቀን፣ የፍሪጁን የኋላ ሽቦ በብሩሽ ስጠርግ። «ብርድ የአላህ ነው። እኛ ሙቀት እናወጣለን። ሙቀት መውጫ ካጣች ተመልሳ ትገባለች።» ሙያው በሙሉ ይኸው ነው። የቀረው ጋዝ መሙላት፣ በሳሙና አረፋ ቀዳዳ መፈለግ፣ ቀጭኗን የመዳብ ቧንቧ ሳያቃጥሉ መበየድ ነው። እጅ ከለመደ ይገኛል።

ምሳ ይዛላቸው የምትመጣው የወንድማቸው ልጅ ነበረች፤ ሐዋ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ታመጣለች። ስትገባ በበርታ ቋንቋ ከአጎቷ ጋር ሲያወሩ ሱቁ ይሞቃል። ታሽሟጥጣለች፣ ሰው ታስመስላለች፣ እሳቸው በሳቅ ካቻቢቴያቸውን ይጥላሉ። እኔ ከገበያ የለቀምኩት በርታኛ ለሰላምታ እንኳ አይበቃም ነበርና ዝም ብዬ አያለሁ። ወደ እኔ ስትዞር አማርኛ ትጀምርና ድምጿ ወዲያው ቀጭን ይሆናል። ያን ጊዜ አፍራ መስሎኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር እንኳ።

ተጋባን። ቤታችን በአማርኛ ሆነ። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አልወሰነም፤ ትምህርት ቤቱ አማርኛ፣ ቢሮው አማርኛ፣ እኔ አማርኛ። ልጃችን ከዲጃ ስትወለድ እኔ መስክ ነበርኩና ሐዋ ብቻዋን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ለምዝገባ ሄደች። «ልጄ ተወለደ፣ ስሟ ከዲጃ ነው» ብላ ስትናገር ከመስኮቱ ኋላ ያሉት ተሳሳቁ። «ወንድ ነው ወይስ ሴት? አንዱን ምረጪ እንጂ!» አሏት። ክፋት አልነበረም ይሆናል። ስመለስ ግን ልጅቷን ሳታስመዘግብ ቤት ቁጭ ብላ አገኘኋት። «አንተ ሂድ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ፣ ባንክ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ እጅጌዬን ነካ ታደርጋለች፤ እኔ እናገርላታለሁ።

መስክ ያልኩት የክትባት ፍሪጅ ጥገና ነው። በየወረዳው ጤና ኬላ ያሉትን ፍሪጆች የሚያይ ሰው ተፈልጎ ተቀጥሬ ነበር። ደመወዙ ከዓሚ ዑስማን ሱቅ እምብዛም አይሻልም፤ የማገኘው አበል አቧራ ነው እያልን እንቀልድ ነበር። መተከል ድረስ፣ ማንቡክ ድረስ በጭነት መኪና ላይ ሄጃለሁ። መብራት በሌለበት የምንጠቀመው የላምባ ፍሪጅ ነበር። ለማያውቀው ተረት ይመስለዋል፤ ከታች እሳት ይነዳል፣ ከላይ በረዶ ይሠራል። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነ ጥላሸት ያወጣል፣ ጭስ መውጫው ይታፈናል። የቆመበት ወለል ትንሽ ካዘነበለ ደግሞ ውስጡ ያለው ፈሳሽ መዞሩን ትቶ ይተኛል።

አንድ ክረምት ከማንቡክ ወጣ ያለ ጤና ኬላ ፍሪጁ እምቢ አለ ተብሎ ተጠራሁ። ወንዝ ሞልቶ መኪናው ማለፍ ስላልቻለ ቀሪውን በእግር ሄድኩ። እዚያ የነበረችው ነርስ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አድርጋ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናው ነበር። የላምባውን ክር ከረከምኩ፣ ጭስ መውጫውን ጠረግኩ፣ እግሮቹን በድንጋይ አስተካከልኩ። ምንም የለም። የመጨረሻው ዘዴ ፍሪጁን ባዶ አድርጎ በአናቱ ማቆም ነው፤ የተቋጠረው ፈሳሽ አንዳንዴ ወደ ቦታው ይመለሳል። በአናቱ አቆምኩት። በማግስቱ አቃንቼ አቀጣጠልኩት። መዳፌን ጀርባው ላይ አድርጌ ቆሜ ቀረሁ። ከታች ይሞቃል፤ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ግን የለም።

የክትባት ቀን ነበር። እናቶች ልጅ አዝለው ከየጉሙዝ መንደሩ፣ በዝናብ፣ ሞልቶ የሚወርድ ውሃ ተሻግረው መጥተዋል። ነርሷ ሣጥኑን ከፍታ ጠርሙሶቹ ላይ ያለችውን ምልክት አየች። ጠቁራለች። የጠቆረች ከሆነ መድኃኒቱ ሞቷል ማለት ነው። ቋንቋውን የሚችል ሰው አስጠርታ አስረዳቻቸው። አንዲት እናት አንድ ነገር ተናገረች። ሰውየው መሬት መሬት እያየ ተረጎመልን፤ «እኔን ዝናቡ አላስቀረኝም፣ መድኃኒቱን ምን አስቀረው? ነው የምትለው።»

ከዚያ ጤና ኬላ ፍሪጁን በሰው ሸክም አውጥተን ሌላ እስክናስገባ ክረምቱ አለቀ። በዚያ መሀል ስንት ልጅ ምን እንዳገኘው አላውቅም። አለማወቁ ነው የሚከብደው። አሶሳ ተመልሼ ለዓሚ ዑስማን ስነግራቸው እጄን ያዙ። «ሁሉን አደረግሽ?» አሉኝ። «አደረግኩ።» «እንግዲያ አልቅሺ። ከዚያ ነገ ወደ ሥራ ነይ።» እንዳሉኝ አደረግኩ።

በኋላ ሸርቆሌ መጠለያ ካምፕ ክሊኒክ ሠራሁ፤ የፀሐይ ፍሪጅ መጣና ከላምባ ጭስ ተገላገልኩ። ዓሚ ዑስማን ያረፉት እኔ እዚያ እያለሁ ነው። ሱቃቸውን ዘጋን፤ ካቻቢቴያቸውን ሐዋ ወሰደች።

የመጨረሻው የሥራ ቦታዬ ግድቡ ነበር፤ ጉባ። እናቴ ያን ሙቀት ብታየው ምን ብላ ትሰድበው ነበር እላለሁ። የሠራተኛው መኖሪያ ኤሲ፣ የማዕድ ቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል በእኔ እጅ ነበር። አለቃዬ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ኢንጂነር ሲሆን የማያውቀውን የሚጠይቅ፣ ያወቀውን የማይደብቅ ሰው ነበር። ውሃው መተኛት ጀምሮ ኮረብታው ሁሉ ቀስ በቀስ ደሴት ሲሆን አብረን ቆመን አይተናል። «ጋሽ ሰይድ፣ ደሴት ላይ መኖር አይፈልጉም?» ብሎ የቀለደው ያን ጊዜ ነው።

ጡረታ ወጣሁ። ገንዘቡ ከወር ወር አላደርስ አለ፤ የቤቱ ጣሪያም መቀየር ነበረበት። ማንጎ ወድቆ ግቢው በንብ በተሞላበት ሰሞን ኢንጂነሩ ደወለ። እሱ ሥራ ቀይሮ ዛንዚባር ውስጥ አንድ ሆቴል ማስፋፊያ ላይ ነበር። «ጋሽ ሰይድ፣ ፍሪጅና ኤሲ የሚያይ የማምነው ሰው እፈልጋለሁ። ባለቤትዎንም ይዘው ይምጡ» አለኝ። ከዲጃ ባምባሲ ትኖራለች፤ ሐዋ እሷን ለማየት ከመሄድ በቀር ርቃ የሄደችበት ቦታ ብዙ አልነበረም። እምቢ ትላለች ብዬ ነገርኳት።

«ባሕር አለ?» አለች።

«ዙሪያውን ባሕር ነው።»

«እንሂዳ!»

ሄድን። እንግዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ኑሮ እዚህ ጋ ነው። ባለቤቱ የስድስት ወር ኪራይ ካልተቀበለ የቤት ቁልፍ አይሰጥም። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ስላለው የሚጠጣው በጀሪካን ይገዛል። መብራቱ እንደኛው በካርድ ነው፤ አየሩ ግን እርጥብ ስለሆነ ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ይዞራል፤ ካርዱም አብሮ ይዞራል። ሽንኩርትና ድንች በመርከብ ከማዶ ይመጣል፤ ማዕበል ሲነሳ ዋጋውም ይነሳል። ጤፍ የሚባል ነገር የለም። በደመወዜ ጣሪያ ቀይሬ እመለሳለሁ ያልኩት ሰውዬ፣ ወሩ ሲያልቅ እጄ ላይ የሚተርፈው እዚህ ከነበረው እምብዛም እንዳልሆነ ቶሎ ገባኝ።

ሥራውም ሌላ ነበር። እኛ አገር የፍሪጅ ጠላት አቧራ ነው፤ እዚያ ጨው ነው። የባሕሩ ነፋስ የኤሲውን ስስ ክንፎች እንደ ብል ይበላቸዋል፤ በጣት ሲነኩ ይረግፋሉ። በየማለዳው በንጹሕ ውሃ ማጠብ ጀመርኩ። ሠራተኞቹ «ፉንዲ» ይሉኛል፤ ባለሙያ ማለት ነው። የሚጠሩኝን አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሉኝን ግን አላውቅም። ስዋሂሊ እንኳን ለአፌ ለጆሮዬም አልገባ አለኝ። በእጄ እጠቁማለሁ፣ እስቃለሁ፣ እነሱም ይስቃሉ። እኔ ከሞተር ጋር ስሠራ የባለቤቱን ታሪክ መስማት ለምጄ የኖርኩ ሰው፣ እዚያ መጠየቅም መስማትም አልቻልኩም።

ሐዋ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገበያ ወረደች። ተከትያት ሄድኩ፤ እንደ ልማዴ ልናገርላት። ከሰዓት በኋላ ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ አሸዋው ላይ ጨረታ አለ። አንዲት ወፍራም ሴት በእጇ ዓሣ አንጠልጥላ ዋጋ ተናገረች። ሐዋ እጅጌዬን አልነካችም። ሌላ ሴት ከኋላ «ጋሊ!» ብላ ስትጮህ ሐዋ ዞር አለች። ዓይኗ በራ።

«ሰይድ! ጋሊ አለች! ጋሊ እኮ ውድ ነው! አጎቴ ይለው ነበር!»

በርታኛ ከዓረብኛ የተዋሰው ቃል ብዙ ነው፤ በተለይ የንግድና የሃይማኖት። ስዋሂሊም እንደዚያው ነው። ሐዋ እየዞረች ቃል ትለቅም ጀመር። ርካሹ «ራሂሲ»፣ ስኳሩ «ሱካሪ»። ባሚያ ደግሞ፣ ያው ባሚያ! አንድ ቁና ባሚያ ፊት ተቀምጣ ስሙን ከሻጯ ጋር እየተቀባበሉ ሲስቁ ሳይ፣ ያቺ በዓሚ ዑስማን ሱቅ በር የምትገባ ልጅ ትዝ አለችኝ። ማንጎውን ግን አልገዛም አለች። «ማንጎ በገንዘብ? ለማንጎ ገንዘብ ከከፈልኩ አሶሳ ምን ይለኛል?»

ወፍራሟ ሴት ቢ ሳልማ ትባላለች፤ ቢ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ አክብሮት ነው። ቤቷ ከእኛ ቤት ጀርባ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ከወንድሟ ጋር የምትኖር ሴት ናት። ሐዋን «ዳዳ» ትላታለች፤ እህቴ ማለት ነው። ኪራዩ እንዳስጨነቀን ስታውቅ ለሐዋ፣ «ነይ፣ እኔ ዓሣ አለኝ፣ አንቺ እጅ አለሽ» አለቻት። በግቢዋ ደጅ ላይ ምድጃ ተከሉ። ሐዋ ዓሣውን በባሚያ መሥራት ጀመረች፤ ገንፎውን በእነሱ ዱቄት። ጀልባ ጠጋኞቹ፣ የሆቴሉ አትክልተኞች፣ ሁሉም መጡ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው የእኔ ደመወዝ ሳይሆን የሐዋ ድስት ሆነ። በመንገዱ ስንሄድ ሰው እሷን በስሟ ይጠራል። እኔን «የሐዋ ባል» ይሉኛል። እሷ ቆማ ትመልሳለች፣ ታሽሟጥጣለች፤ ስህተት ስትናገር እነሱ ያርሟታል፣ አብራ ትስቃለች። እኔ ጎኗ ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

እኔ አሶሳ ናፈቀኝ። እንደዚያ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ልጅ እያለሁ አገሬ ወሎ ነው እያልኩ ነው ያደግኩት። ደሴቱ ላይ ዓይኔን ስጨፍን ግን የሚመጣው ወሎ አልነበረም። የተቃጠለ ሣር ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍ የሚነሳው ሽታ ነው። ነፋስ ሲመታው የሚያፏጨው ቀርቀሃ ነው። ከመስጊድ ስወጣ፣ «ሰይዶ፣ ያቺ ፍሪጅ ደግሞ ጀመራት» የሚለኝ ሰው ነው። ምግብ አልወርድ አለኝ።

አንድ ከሰዓት ባሕሩ እንደ ልማዱ ሸሽቶ፣ ሴቶቹ ሩቅ ወርደው የባሕር ሣር ሲሰበስቡ፣ ሐዋ ድስቷን አጥባ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሐዋ፣ ውሌ እያለቀ ነው። እንመለስ» አልኳት።

እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ «እዚህ ምን ሆንክ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምን እንደሆንኩ እንጃ። ቃል የለኝም። ሰው ሲስቅ በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም። ሱቅ ስገባ ሕፃን የሆንኩ ይመስለኛል። ያነስኩ ይመስለኛል።»

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፤ እንዲያውም እንደ ማጽናናት ነበር።

«እኔ እንደዚያ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ» አለች። «በራሴ አገር።»

ሐዋ እጄን ይዛ ቀስ ብላ ቀጠለች።

«አንተን አልከሰስኩም፣ ሰይድ። አንተ ጥሩ ተናገርክልኝ፣ ሁልጊዜ። ግን እዚህ እኔ ራሴ እናገራለሁ። ትንሽ ልቆይ። አንተ ሂድ፣ አገርህን አይተህ ብላ፣ ጠጣ። እኔ ጎብኚው እስኪቀንስ ከቢ ሳልማ ጋር ልሥራ፣ ጣሪያውን እኔ እቀይራለሁ። ከዚያ እመጣለሁ።»

የመኖሪያ ወረቀቷን የቢ ሳልማ ወንድም ሮጦ አስጨረሰላት። እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሁለቱ ሴቶች ሸኙኝ። ቢ ሳልማ ረጅም ነገር ተናገረች። ሐዋ ተረጎመችልኝ። «ባልሽ ጥሩ ሰው ነው፣ እንደ ኤሲው ጨው በላው፣ ነው የምትለው» አለችኝ፤ ተቃቅፈው ሳቁ።

አሶሳ ስደርስ ያልኩት ዝናብ መጥቶ ነበር። ሽታው ነበር፣ ቀርቀሃው ነበር፣ ከመስጊድ በር ላይ የሚጠራኝ ሰውም ነበር። ምግብም ወረደልኝ። አንድ ሁለት ሳምንት እንደ ሙሽራ ከርሜ ከዚያ ቤቱ ሰፋብኝ። ሽሮ ሠርቼ ብቻዬን እበላለሁ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ እደቅናለሁ። ከዲጃ ከባምባሲ ስትመጣ ትቆጣለች።

«አባ፣ እማ መቼ ነው የምትመጣው? እናንተ በስተርጅና እንዲህ ትለያያላችሁ?»

«ሥራ ላይ ናት» እላታለሁ። እውነቴን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራ ላይ ነው እየተባለ የሚጠበቀው እኔ ነበርኩ፤ ማንቡክ፣ ሸርቆሌ፣ ጉባ። ቤት ሆኖ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት።

ሐዋ ስትደውል ከኋላዋ ሁልጊዜ ጫጫታ አለ። ድስት ይንኳኳል፣ አንዱ በስዋሂሊ ይጠራታል፣ በመሀል ትመልስለታለች፣ ከዚያ «ወይ፣ ሰይድ፣ ምን አልኩህ?» ትላለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እኔ የምሰማው ጫጫታውን ነው።

ጎብኚው ቀነሰ፣ ሐዋም እንደ ቃሏ መጣች። ካንጋ የሚባለውን ጨርቃቸውን ለብሳ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ አምሮባት ከአውሮፕላን ወረደች። ከዲጃ አልቅሳ ተጠመጠመችባት። ጣሪያውን በአመጣችው ገንዘብ ቀየርን። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ጠየቃት። እኔ ናፍቆቴ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ለጉልበቷ መድኃኒት ልንገዛ ፋርማሲ ሄድን። ልጅቷ «ምን ልታዘዝ?» አለች። ሐዋ አፏን ከፈተች። ከዚያ እጅጌዬን ነካ አደረገችኝ።

ተናገርኩላት። መድኃኒቱን ይዘን ወጣን። በመንገዱ ላይ እሷ ስለ ሌላ ነገር አወራች፤ እኔ ግን አልሰማኋትም። ደሴቱ ላይ ሳለሁ የናፈቀኝ አሶሳ ነበር፤ አሁን አሶሳ ላይ ቆሜ፣ አብራኝ እየሄደች፣ ያቺ አሸዋው ላይ «ጋሊ!» ብላ የጮኸችው ሐዋ ናፈቀችኝ። ይህን ነው ገበያ መሀል የማልናገረው። ኪራዩንና ሽንኩርቱንማ ማንም ያውቀዋል።

ባለፈው አርብ ከጁምዓ ስመለስ ከጓሮ ሳቅ ሰማሁ። ሐዋ አዲሱ ጣሪያ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከቢ ሳልማ ጋር በስልክ ታወራለች። ስታየኝ ድምጿን ቀነሰች፣ ልትዘጋም ተቻኮለች። «ምሳ ደርሷል» አለችኝ በዚያ ቀጭን ድምፅ።

«አትዝጊው» አልኳት። «እኔም ሰላም ልበላት።»

ግራ እየገባት ስልኩን አቀበለችኝ። የማውቃትን ያህል ስዋሂሊ ሰበሰብኩ። ስለ ወንድሟ ደህንነት ልጠይቅ ነበር ያሰብኩት፤ ወንድም «ካካ» ነው። በመጣልኝ ድምፅ ጮክ ብዬ፣ «ቢ ሳልማ! ኩኩ ሐጃምቦ?» አልኳት።

ወዲያ ማዶ ቢ ሳልማ እንደ ነጎድጓድ በሳቅ ፈነዳች። ሐዋ በርጩማው ላይ ታጥፋ በሁለት እጇ ሆዷን ያዘች።

«ኩኩ እኮ ዶሮ ነው!» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ በሙሉ ድምጿ። «ሰይድ! ዶሮው ደህና ነው ወይ አልካት!»

ከስልኩ ውስጥ ቢ ሳልማ ስለ ዶሮው መልስ እየሰጠች ነበር መሰለኝ፤ ሐዋ እየሰማች ይባስ ትስቃለች። እኔ ስልኩን ይዤ በመሀላቸው ቆምኩ። ሳቁ እንዳያልቅብኝ፣ ቶሎ ብዬ ሌላ የምሳሳተው ቃል መፈለግ ጀመርኩ።